እናት የምትወስደው መድኀኒት ለፅንሱ ይደርሳልን?

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ገና ስላልተወለደው ልጅ እንናገራለን። ይህንም ለመጻፍ ያነሣሣኝ በመቀሌ ከተማ በአንድ ወዳጄ ቤት የሆነው ነገር ነው። በየቤቱ የሚነገር አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «እናት የዋጠችውን ሁሉ ፅንሱም ይውጠዋል» የሚል ነው። ቃሉ ከፍቅርና ከጥንቃቄ የመጣ ስለ ሆነ ማንም አይንቀውም። ነገር ግን እውነቱ ግማሽ ብቻ ነው፤ በግማሽ እውነት የተፈረደ ፍርድም ምን እንደሚያመጣ ከዚህ በታች ይታያል።

ወዳጄ ከእኔ ጋራ በፍርድ ቤት የሚሠራ፣ ቤቱን በሥርዓት የሚያስተዳድር ሰው ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ ከልጅነታቸው ጀምሮ የአስም ሕመም ያለባቸው ሲሆኑ፣ ሕመሙ በጸናባቸው ጊዜ ሐኪም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ክኒን በየቀኑ እንዲወስዱ አዘዘላቸው። ይህ ክኒን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኀኒቶች ወገን ነው። ወይዘሮዋ ክኒኑን እየወሰዱ ሳሉ ፀነሱ። በአራተኛው ወር የወዳጄ እናት ምራታቸውን ሊጠይቁ ከገጠር መጡና ክኒኑን ባዩ ጊዜ፣ «ልጄ፣ ይህ መራራ ነገር በሆድሽ ላለው ሕፃን ምኑ ነው? አንቺ የዋጥሽውን እርሱም ይውጠዋል» አሉ። ወዳጄም ከመድኀኒቱ ጋራ የመጣውን ወረቀት ቢያነብ፣ እርጉዝ ሴት ሐኪም ሳታማክር እንዳትወስደው የሚል ቃል አገኘ። ወዲያው ክኒኑን ሰብስቦ በሣጥን ቆለፈበት። ሐኪሙን ግን አልጠየቀም።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮዋ ሰውነታቸው ዛለ፤ ማስመለስም ጀመራቸው። በአራተኛው ሌሊት ትንፋሻቸው ተቆረጠና ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። የተቀበሏቸው ሐኪም አንዲት ወይዘሮ ነበሩ። ሕመምተኛዋ ከተረጋጉ በኋላ ወዳጄን ጠርተው፣ «ጌታዬ፣ ልጁን አድናለሁ ብለው ያደረጉት ነገር እናቱንም ልጁንም ሊያሳጣዎ ነበር። ያ ክኒን ወደ ልጁ የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ የእናቱ ትንፋሽ ሲያጥር ግን ልጁም አየር ያጣል» አሉት። ክኒኑም እንደ ቀድሞው ቀጠለ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ባልጻፍሁም ነበር። ፅንሱ 30 ሳምንት ሲሞላው ቀኑ ያልደረሰ ምጥ መጣ። ያው ሐኪም መርምረው ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኀኒት በየ12 ሰዓቱ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ በመርፌ እንዲሰጥ አዘዙ። ወዳጄም ስሙን ጠየቀ፤ ይህም ስቴሮይድ እንደ ሆነ ተነገረው። ያን ጊዜ ግራ ገብቶት፣ «ዶክተር፣ ባለፈው ስቴሮይድ ለልጁ እምብዛም አይደርስም አሉኝ። ዛሬ ደግሞ ለልጁ እንዲደርስ ብዬ ነው የምሰጠው ይላሉ። የትኛውን ቃልዎን ልመን?» አላቸው። ሐኪሟም «ሁለቱንም ይመኑ» ብለው መለሱለት።

ጥያቄው የብልኅ ሰው ጥያቄ ነው፤ መልሱም እውነት ነው። እንዴት ሁለቱም እውነት እንደሚሆኑ ለመረዳት በእናትና በልጅ መካከል ያለውን በር ማወቅ ያስፈልጋል።

በቀድሞ ዘመን በነገሥታቱ ቤት እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹም እንደ ነበረ ሁላችን እናውቃለን። ሥራውም ወደ ውስጥ ሊገባ የመጣውን ሁሉ እየመረመረ፣ አንዱን ማስገባት፣ አንዱን መመለስ፣ አንዱን ደግሞ መሣሪያውን አስፈትቶ ማሳለፍ ነበረ። በእናት ማሕፀን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራ የእንግዴ ልጅ ነው። የእናት ደምና የፅንስ ደም ብዙ ሰው እንደሚያስበው የሚቀላቀሉ አይደሉም፤ በመካከላቸው የእንግዴ ልጁ ስስ ግድግዳ አለ። ምግቡና አየሩ በዚያ በኩል ገብቶ በእትብት ወደ ፅንሱ ይሄዳል፤ ቆሻሻውም በዚያው በኩል ይወጣል። መድኀኒትም የሚያልፈው በዚሁ በር ነው። አካሉ እጅግ ትልቅ የሆነ መድኀኒት ለማለፍ ይቸገራል፤ ትንሽና በቅባት የሚሟሟ ግን በቀላሉ ያልፋል።

ስቴሮይድ ሁሉ ትንሽና በቅባት የሚሟሟ ስለ ሆነ፣ በዚህ ሕግ ብቻ ቢፈረድ ሁሉም ወደ ፅንሱ በገባ ነበር። ነገር ግን ተፈጥሮ ለዚህ ወገን ልዩ ዘበኛ አቁማለች። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ከኩላሊታችን ራስ ላይ ያሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ስቴሮይድ በየቀኑ ያመነጫሉ፤ ሰው ሲደነግጥ፣ ሲራብ፣ ወይም ሲታመም ደግሞ ይበዛል። በእርጉዝ እናት ደም ውስጥ ያለው ኮርቲሶል በፅንሱ ደም ካለው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ወደ ፅንሱ ቢፈስ እድገቱን ይገታዋል። ስለዚህ በእንግዴ ልጁ ውስጥ አንድ ኢንዛይም አለ፤ ኢንዛይም ማለት አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ የሰውነት ሠራተኛ ነው። እርሱም የሚመጣውን ኮርቲሶል ኮርቲሶን ወደሚባል ሥራ ወደማይሠራ ነገር ይለውጠዋል። ይህ እንግዲህ መሣሪያ አስፈትቶ ማሳለፍ ማለት ነው።

ፕሬድኒሶሎን በአካሉ ኮርቲሶልን እጅግ ስለሚመስል ዘበኛው እርሱንም ያውቀዋል፤ መሣሪያውንም ያስፈታዋል። በዚህ ምክንያት በእናት ደም ውስጥ 10 እጅ ቢገኝ በፅንሱ ደም የሚገኘው 1 እጅ ያህል ነው። ሃይድሮኮርቲሶን የሚባለውም በዚሁ መንገድ አብዛኛው ኃይሉን ያጣል። ሐኪሞች አስም፣ ሉፐስ፣ ወይም ሌላ ጽኑ ሕመም ላለባት እርጉዝ ሴት ከስቴሮይዶች መካከል ፕሬድኒሶሎንን የሚመርጡት ስለዚህ ነው፤ መድኀኒቱ ለእናቲቱ ይሠራል፤ በልጁ ደጅ ሲደርስ ግን ይዳከማል።

ዴክሳሜታሶንና ቤታሜታሶን ግን ሌላ ነገር ናቸው። እነዚህን የሠሯቸው ሊቃውንት በአካላቸው ላይ ፍሎሪን የሚባል ንጥረ ነገር ጨመሩበት፤ በዚህና በሌላም የአካል ለውጥ ምክንያት ዘበኛው መሣሪያቸውን ሊፈታ አይችልም። ስለዚህ ኃይላቸውን እንደ ያዙ ብዙው እጃቸው ወደ ፅንሱ ይገባል። ሐኪም መድኀኒቱ ለልጁ እንዲደርስ በፈለገ ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ይመርጣል። እንግዲህ ስማቸው አንድ ቢሆንም፣ አንደኛው የእናት መድኀኒት ነው፤ ሁለተኛው በእናት ሥጋ በኩል ወደ ልጅ የሚላክ መድኀኒት ነው። ሐኪሟ ለወዳጄ «ሁለቱንም ይመኑ» ያሉት ይህን በማወቅ ነው።

ፅንስ ስቴሮይድ ምን ያደርግለታል? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተፈጥሮ በዘበኛ የከለከለችውን ሐኪም ስለ ምን ያስገባል? መልሱ በሳምባ ላይ ነው። ሳምባ ከብዙ ሚሊዮን ጥቃቅን ከረጢቶች የተሠራ ነው። እርጥብ ስልቻ ባዶውን ሲሆን ግድግዳዎቹ እርስ በርሳቸው እንደሚጣበቁ፣ እነዚህም ከረጢቶች አየሩ ሲወጣ ሊጣበቁ ይፈልጋሉ። እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ሳሙና መሰል ቅባት አለ፤ ሐኪሞች ሰርፋክታንት ይሉታል። ፅንሱ ይህን ቅባት አብዝቶ የሚያዘጋጀው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው፤ ያን ጊዜ የራሱ ዕጢዎች ኮርቲሶል እያበዙ «የመውጫህ ጊዜ ቀርቧልና ሳምባህን አሰናዳ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣሉ። ያለ ወራቱ የሚወለድ ሕፃን ግን ይህ ትእዛዝ ሳይደርሰው ይወጣል፤ ስለዚህም ትንፋሽ ሁሉ አዲስ ድካም ይሆንበታል። በመርፌ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን የዘገየውን ትእዛዝ አስቀድሞ ያደርስለታል።

ይህን ያገኘው በኒውዚላንድ አገር በኦክላንድ ከተማ የነበረ ግርሃም ሊጊንስ የሚባል ሐኪም ነው። እርሱ የሚመረምረው ስለ ሳምባ ሳይሆን ምጥን የሚያስጀምረው ምን እንደ ሆነ ነበረ። በማሕፀን ላሉ የበግ ግልገሎች ስቴሮይድ ቢሰጣቸው ጊዜያቸው ሳይደርስ ተወለዱ። በዚያ ዕድሜ የተወለደ ግልገል መተንፈስ አይችልም ነበር፤ ሊጊንስ ግን ሳምባቸው አየር ይዞ አገኘው። ይህንም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 ጻፈ። ከዚያም ሮስ ሃዊ ከሚባል የሕፃናት ሐኪም ጋራ ሆኖ ቀናቸው ሳይደርስ ሊወልዱ በተቃረቡ 282 እናቶች ላይ ቤታሜታሶንን መረመረ፤ ውጤቱም በ1972 ታተመ። መድኀኒቱ ካልደረሳቸው ሕፃናት መካከል ከመቶ 25.8 እጅ የሚሆኑት በዚህ የሳምባ ሕመም ሲያዙ፣ ከደረሳቸው መካከል የተያዙት ከመቶ 9 እጅ ብቻ ነበሩ።

ነገሩ ለአገራችን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ሁለት ቍጥሮች ይበቃሉ። በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ተቈጠረ። ደግሞም ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. በጐንደር፣ በጅማ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስና በጋንዲ ሆስፒታሎች ያለ ወራታቸው የተወለዱ ሕፃናት ስለ ምን እንደሚሞቱ በጥንቃቄ ተመረመረ። ከሞቱት መካከል ከመቶ 45 እጅ ያህሉ የሞቱት በዚሁ ባልበሰለ ሳምባ ምክንያት ነበረ። የዴክሳሜታሶን መርፌ ዋጋው ውድ አይደለም። እንዲህ ከሆነ በየመንደሩ ለምን አይታደልም? ያሰኛል።

ይህም ተሞክሯል፤ ውጤቱ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። በአርጀንቲና፣ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ ወደ 100,000 የሚጠጉ ወሊዶችን የያዘ ታላቅ ጥናት ተደርጎ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 ታተመ። መድኀኒቱ ከትልልቅ ሆስፒታሎች ውጭ ጭምር እንዲዳረስ ተደረገ። በጣም ትንሽ ሆነው የተወለዱት ሕፃናት ሞት አልቀነሰም፤ በጠቅላላው ሲቈጠር ግን የሕፃናት ሞት ከ1,000 ወደ 3 ተኩል ያህል ጨመረ፤ የእናቶችም ኢንፌክሽን በዛ። መድኀኒቱን ከወሰዱት እናቶች ብዙዎቹ ያለ ወራታቸው የሚወልዱ አልነበሩም፤ ልጆቻቸው የማያስፈልጋቸውን መድኀኒት ተቀበሉ። ዘበኛው የማያስቆመው መድኀኒት ሲጠቅምም ሲጎዳም የሚያግደው የለምና።

በ2020 ደግሞ ሌላ ጥናት ታተመ። ይህ በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን በሚገኙ 29 ሆስፒታሎች በ2,852 እናቶች ላይ የተደረገ ነው። በዚህኛው ግን የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ በሚገባ ተረጋግጧል፤ ሆስፒታሎቹም ለትንንሽ ሕፃናት የሚያስፈልገውን እንክብካቤ የሚሰጡ ነበሩ። ዴክሳሜታሶን ካልተሰጣቸው ወገን ከተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 23.5 እጅ ሲሞቱ፣ ከተሰጣቸው ወገን የሞቱት ከመቶ 19.6 እጅ ሆኑ፤ የእናቶችም ኢንፌክሽን አልጨመረም። መድኀኒቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የተሰጠበት ሥርዓት ነው።

ከዚህ የተነሣ የዓለም የጤና ድርጅት ለዚህ መርፌ ቅድመ ሁኔታዎችን አኑሯል። የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ይታወቅ፤ ይኸውም ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሁን። እናቲቱ በ7 ቀን ውስጥ ትወልዳለች የሚያሰኝ ብርቱ ምልክት ይኑር። በእናቲቱ ላይ የኢንፌክሽን ምልክት አይታይ። ለወሊዱ የሚበቃ አዋላጅና ሐኪም ይኑር። ለሚወለደውም ሕፃን ማሞቂያ፣ ምግብ፣ የኢንፌክሽን መድኀኒትና የትንፋሽ ድጋፍ ይዘጋጅለት። መርፌው ይበልጥ የሚጠቅመው ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ አንድ ቀን አልፎ፣ 7 ቀን ሳይሞላ ልጁ ሲወለድ ነው። እየደጋገሙ መስጠት የሕፃኑን ክብደት እንደሚቀንስ ስለ ታወቀ፣ ድጋሚው በሐኪም ፍርድ ብቻ የሚደረግ ነው። የስኳር ሕመም ያለባት እናት መርፌውን ስትወስድ ስኳሯ ለጥቂት ቀናት ከፍ ስለሚል ልዩ ጥበቃ ያስፈልጋታል።

የመቀሌ ሰው ይህን የሥርዓት ነገር ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዓይደር ሆስፒታል የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማስተማሪያ ሲሆን፣ ከሩቅ አውራጃ የሚመጡ ጽኑ ሕመምተኞች የሚላኩበት ቤት ነው። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነት ተነሥቶ በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ባለው ዘመን፣ የዚህ ሆስፒታል ሐኪሞች መድኀኒትና ኦክሲጅን እንዳለቀባቸው፣ ደመወዛቸውም እንደ ተቋረጠ ለዓለም በአደባባይ አስታውቀዋል። በዚያ ዘመን አንዲት እናት የዴክሳሜታሶን ብልቃጥ በእጇ ብታገኝ እንኳ፣ ለሚወለደው ልጅ ኦክሲጅን ከሌለ መርፌው ግማሽ ሥራ ነበረ። መርፌው የሕፃኑን ሳምባ ያሰናዳል እንጂ በሕፃኑ ፈንታ አይተነፍስም። ስለዚህ በሹመት ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ለአንድ ሐኪም ቤት በጀት ስትመድቡ፣ መድኀኒቱንና የሕፃናቱን ክፍል ለያይታችሁ እንዳታዩ ይገባል።

ወደ እናቶች መድኀኒት እንመለስ። ፕሬድኒሶሎን ወደ ልጁ የሚያልፈው ጥቂት ነው ማለት ጉዳት የለበትም ማለት አይደለም። ብዙ መጠን ለረጅም ጊዜ የወሰደች እናት ስኳሯና የደም ግፊቷ ሊጨምር ይችላል፤ እንሽርት ውኃውም ያለ ጊዜው ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ሕመሙን ሊገዛ የሚበቃውን ዝቅተኛ መጠን ይመርጣል። በቀደሙት ዓመታት ይህ መድኀኒት የልጁን ከንፈርና ላንቃ ይሰነጥቃል የሚል ሥጋት ነበረ፤ በኋላ የተደረጉት ሰፋፊ ጥናቶች ግን ሥጋቱን አላጸኑትም፤ ቢኖርም እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ አሳይተዋል። ወደ ሳምባ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኀኒት ደግሞ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለ ሆነ፣ እርጉዝ ሴት ልትተወው አይገባም። ያልታከመ አስም ለፅንሱ ከመድኀኒቱ ይልቅ አስጊ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው በድንገት ማቋረጥ ነው። ሰው ለብዙ ሳምንት ስቴሮይድ ሲወስድ የራሱ ዕጢዎች «ሌላ ሠርቶልናል» ብለው ሥራቸውን ይተዋሉ። መድኀኒቱ በአንድ ቀን ሲቋረጥ ዕጢዎቹ ወዲያው ሊነቁ አይችሉም፤ ያን ጊዜ ድካም፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድ ይመጣል፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። በወዳጄ ቤት በሦስተኛው ቀን የታየው ይህ ነበረ። ምጥም ለሰውነት ታላቅ ድካም ስለ ሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ስትወስድ የኖረች ሴት በምጥ ሰዓት ተጨማሪ መጠን ሊያስፈልጋት ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው መውሰዷን ለአዋላጇ ስትናገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። በከተሞቻችን ገበያ ፊት ለማቅላት ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች መካከል ብርቱ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ፤ ክሎቤታሶል ከእነርሱ አንዱ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ በየቀኑ፣ በሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ ሲቀቡት በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። በእርግዝና ጊዜ ብርቱውን ቅባት እጅግ አብዝቶ መጠቀም ልጁ ክብደቱ አንሶ ከመወለዱ ጋራ የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ሐኪም ለቆዳ ሕመም ለክቶ የሚያዘው ቀላል ቅባት ግን እንዲህ ያለ ሥጋት የለበትም። እንግዲህ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ እናት ለሕይወቷ የሚያስፈልጋትን ክኒን በፍርሃት እንድትተው እናደርጋታለን፤ ለመልክ ሲባል የሚቀባውን ግን ማንም አይጠይቃትም።

ታዲያ የቤት አባወራና እመቤት ምን ያድርጉ? መጀመሪያ፣ ሴቲቱ ጽኑ ሕመም ካለባትና ልጅ ከፈለገች፣ ከመፅነሷ አስቀድማ መድኀኒቷን ይዛ ሐኪሟን ታማክር። ሁለተኛ፣ ከፀነሰች በኋላ ማንም ዘመድ፣ ባልም ቢሆን፣ መድኀኒቷን በራሱ ፈቃድ አይከልክላት፤ ጥርጣሬ ያለበት ሰው ጥርጣሬውን ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሦስተኛ፣ የወር አበባዋ በመጨረሻ የታየበትን ቀን ይጻፉ። በአገራችን ብዙ ሴቶች «ከጥምቀት ወዲህ»፣ «ከፍልሰታ በፊት» እያሉ በበዓል ይቈጥራሉ፤ ይህ ለቤት ወሬ ይበቃ ይሆናል፤ 30ኛውን ሳምንት ከ36ኛው ለሚለይ ሐኪም ግን አይበቃም። በመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ ማየት ቈጠራውን ያጸናል። አራተኛ፣ ቀኑ ያልደረሰ ምጥ፣ የውኃ መፍሰስ ወይም የደም መታየት ሲመጣ «ትንሽ እንቈይና እንየው» ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። መርፌው ሥራውን ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋልና የአንድ ሌሊት መዘግየት ብዙ ዋጋ አለው።

የወዳጄ ባለቤት የታዘዘላቸውን አራቱን መርፌ ወስደው ጨረሱ። የእርግዝናቸው ዕድሜ በመጀመሪያው ወራት ተጽፎ ስለ ነበረ ሐኪሟ ለመወሰን አልተቸገሩም። ልጅቱ በሦስተኛው ቀን ተወለደች፤ ትንሽ ነበረች። ጥቂት ቀን በአፍንጫዋ በኩል አየርን በግፊት በሚሰጥ መሣሪያ ተደገፈች፤ ከዚያም በእናቷ ደረት ላይ ሥጋ ለሥጋ ታቅፋ ሰነበተች። መርፌው ባይሰጣት ምን ትሆን እንደ ነበረ ሊናገር የሚችል ሰው የለም፤ መድኀኒት የሚመዘነው በአንድ ሕፃን ሳይሆን በብዙ ሕፃናት ቍጥር ነውና። ነገር ግን ያ ሁሉ በጊዜውና በሥርዓቱ ስለ ተደረገላት በእጅ ያለው ዕድል ሁሉ ተሰጥቷታል።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። አያቲቱ ሕፃኗን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ወይዘሮዋ ክኒናቸውን በውኃ ሲወስዱ አያቲቱ አዩና፣ «ልጄ፣ የዛሬውን አልረሳሽም? ደግ አደረግሽ» አሉ። ወዳጄም የዚያን ሣጥን ቍልፍ ለባለቤቱ እንደ ሰጠ፣ ከዚያ ወዲህም እንዳልተቀበላት ነገረኝ።